ሥራ አስኪያጃችን የሚሰማቸው ቆሎ ሻጭ

መካነ ሰላም ውስጥ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የመረጃ ባለሙያ ነኝ። ሥራዬ አዳዲስ ማሽኖችን እያጠናሁ የትኛው እንደሚበጀን ሥራ አስኪያጁን ማማከር ነው። እሱ ግን የሚሰማው እኔን ሳይሆን በር ላይ ቆሎ የሚሸጡትን እማማ ዘሐራን ነው።

ባለፈው አንድ ማሽን ሊገዛ ተነሳ። ሦስት ሳምንት ሙሉ አጥንቼ «ይቅርብን» ብዬ ጻፍኩለት። በኋላ ስብሰባ ጠራና፣ «እማማ ዘሐራ ይህ ማሽን መብራት ከፍ ዝቅ ሲል ይቃጠላል፣ መለዋወጫውም ደሴ ድረስ ቢኬድ አይገኝም ብለውኛል። ግዢው ቀርቷል» አለ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እኔ ግን በቅናት አረርኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት በአንዲት ቆሎ ሻጭ ልበለጥ ነው?

ከስብሰባው ወጥቼ በቀጥታ ወደ እሳቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ስለ ማሽኑ ማን ነግሮዎት ነው?»

«ወላሂ ማንም አልነገረኝ። አነባለሁ እንጂ!» አሉና ቆሎ ከሚጠቀልሉበት የወረቀት ክምር ላይ ጥቂት ገጾች አንስተው ሰጡኝ።

የኔ ጥናት ነው! ሥራ አስኪያጁ ሳያነበው ጥሎት፣ ከፋብሪካው አሮጌ ወረቀት ጋር እሳቸው ዘንድ ደርሷል። ስሜ ያለበት የመጀመሪያው ገጽ ብቻ የለም፤ ቆሎ ተጠቅልሎበት ሄዷል።

ገጾቹን ደጋግሜ ሳገላብጥ አሳዘንኳቸው መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አብሽር ልጄ። ይህን የጻፈውን ሰው ፈልገህ ተጠጋው፤ አንተም ቀስ በቀስ ትለምዳለህ።»