የኦክስጅኑ ኪያቬ በኪሴ

ዛሬ ዓለም ባንክ ሰፈር ለቅሶ ቤት ተቀምጬ መሐረብ ፍለጋ እጄን ኮት ኪሴ ብከት፣ ቀዝቃዛ ብረት ነካሁ። የክሊኒካችን የኦክስጅን ሲሊንደር መክፈቻ ኪያቬ! የዕድሜ እኩዮቼ ከዘራ ይዘው ይወጣሉ፤ እኔ የሰው ትንፋሽ ይዤ ወጥቻለሁ።

ይህም ከጥንቃቄዬ ብዛት የመጣ ነው። አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ ያለችው ክሊኒኬ ሦስት ክፍል ብቻ ናት፤ ጭንቀቴ ግን ሆስፒታል ይሞላል። ሰኞ ሰኞ ነርሷን አስቀምጬ «መብራት ቢጠፋስ? ውሃ ቢቋረጥስ? ሁለት በሽተኛ እኩል ቢወድቅስ?» እያልኩ ጆሮዋን አደነቁራለሁ። በቀደም የጎረቤት ጋራዥ ኪያቬውን ተውሶ ሲያቆይብኝ፣ «ከእንግዲህ ከኪሴ አይወጣም!» ብዬ ማልኩ። መሐላዬን ጠበቅኩ፤ ይኸው።

ገና ሳልነሳ ስልኬ ጮኸ።

«ጋሼ፣ ኪያቬውን የት አደረጉት?» ነርሷ ናት።

«ምነው?»

«አስም የተነሳባት ልጅ መጥታለች። መብራት የለም፣ መድኃኒት የምንሰጥበት ማሽን አይሠራም። ኦክስጅን ልከፍትላት ነበር።»

«እኔ ጋ ነው።»

ከነርሷ ጀርባ የልጅቱ ትንፋሽ ሲያፏጭ ተሰማኝ።

«ጋራዡስ? ሌላ ኪያቬ አያጣም» አልኳት።

«እሑድ አይደል፤ ዘግተዋል። በአፍ በሚሳበው መድኃኒት እይዛታለሁ፤ እርስዎ ብቻ ይድረሱ። ደግሞ እንዳይወድቁ! ሁለት በሽተኛ እኩል አልችልም።»

ሟቹን ለፈጣሪው፣ ነጠላዬን ለሰው ትቼ ወጣሁ። ሚኒባሱ በየፌርማታው ሲቆም ቂጤ ወንበሩ ላይ አልረጋ አለ። አንድ ጊዜ በመስኮት፣ አንድ ጊዜ የሾፌሩን እግር አያለሁ። መጨረሻ ላይ ኪያቬውን አውጥቼ ረዳቱ ፊት ወዘወዝኩት።

«አባባ፣ ምን ሊፈቱበት ነው?»

«የሕፃን ደረት!»

መጀመሪያ ጀዝባ ሽማግሌ መስዬው ነበር። ስነግረው ግን «ንዳው!» ብሎ በሩን ዘጋ፤ ሾፌሩም ከዚያ ወዲያ አላቆመም።

ስደርስ ነርሷ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ቆርጣ፣ መድኃኒቱን በእሱ ውስጥ ለልጅቱ እየነፋችላት ነው። ልጅቱ እናቷ ጭን ላይ ተቀምጣ፣ አየር በሳበች ቁጥር አንገቷ ሥር ይጎደጉዳል። ስቸኩል ኪያቬው ሲሊንደሩን ሳተው። ነርሷ ከእጄ ነጥቃ ከፈተችው። ቆየት ብሎ የልጅቱ ከንፈር ቀለም ተመለሰ። መብራቱም መጣ፤ ማሽኑን አድርገንላት ስትረጋጋ ጭምብሉን ገፋ አድርጋ «ሽማግሌው ምን ሆኖ ነው የሚያለከልከው?» አለች። እናቷ አፈረች፤ እኔ ሳቅኩ።

ነርሷ ኪያቬውን በፋሻ ከሲሊንደሩ ጋር አሰረችውና «ነገ ሰኞ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለችኝ። «እርስዎ ባይኖሩስ?»

ለመብራት፣ ለውሃ፣ ለሁሉም መልስ ነበረኝ። ለዚህ ግን ይኸው አሁንም ክፍሉ ውስጥ እየተንጎራደድኩ ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። ታክሲው ውስጥ ጎመን የታቀፈች ሴት «ወራጅ አለ!» ብላ ነበር። ነገሩን ስትሰማ «ተዉት፣ ይሂድ፤ ልጅቱ ትቅደም» አለች። መውረጃዋን አልፋ ማዞሪያው ድረስ መጣች። ስሮጥ ዞር ብዬ አየኋት፤ ጎመኗን እንደታቀፈች የመጣንበትን መንገድ በእግሯ ተያይዛዋለች። የመልስ ታክሲዋን አልከፈልኩላትም፤ እግዜር ይስጥልኝ እንኳ አላልኳትም።