ስም በከፈይ ላይ

በላይነሽ ጥልፍ የምትጠልፈው አቃቂ በሰቃ፣ ከቆርቆሮ አጥሯ ሥር፣ ፊቷን ወደ መንገዱ መልሳ ነው። ለብርሃኑ ብዬ ነው ትላለች። የጓሮው ብርሃን ይሻላል፤ መንገደኛ ግን የለውም።

አላፊ አግዳሚው ቆሞ «በእጅ ነው?» ካላት ቀኗ ቀና። የማሽን ጥልፍ የለበሰች ሴት ካለፈች መርፌዋን ጨርቁ ላይ ትሰካና እስከ አስፋልቱ ድረስ በዓይኗ ትሸኛታለች። የማሽን ጥልፍን «ማሽን የነከሰው» ትለዋለች። የሳሪስን ሱቆች ሁሉ በዚህ ስም ሰድባለች። ሱቆቹ አልሰሙም።

እጇ ጥሩ ነው። ይህን መካድ አይቻልም። ችግሩ እሷም ማወቋ ነው።

ሥራውን የተማረችው በደርግ ጊዜ፣ በአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥራ ሳለ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት ሊከበር ሲል የሴቶች ማኅበሩ ልጃገረዶችን ሰብስቦ መርፌ አስያዘ። ፌልት ከሚባለው ጥቅጥቅ ሱፍ ጨርቅ ፊደል እየቆረጡ በቀይ ጨርቅ ላይ ይሰፉ ነበር። ሌሎቹ ልጆች ፊደሉን አጣመሙት። የበላይነሽ ቀጥ አለ። በሰልፉ ቀን መፈክሩን ለተሸከሙት ወንዶች ተጨበጨበ። የሰፋችው ከኋላ ሆና አቧራ ጠጣች። መፈክሩም ውሎ አድሮ የፋብሪካው ወለል መወልወያ ሆነ።

ከዚያ የሙሽሮች ትራስ መጣ። የሙሽራውንና የሙሽሪትን ስም በአበባ አስተቃቅፋ ጠለፈች። ግማሾቹ ተፋተዋል፤ ትራሱ ግን አለ። የቤተ ክርስቲያን ጃንጥላም ጠለፈች። ጫፉ ላይ የሰጪው ስም በወርቅ ክር ተጻፈ፤ ሰጪው የጭነት መኪና ባለንብረት ነው።

«መርፌ ይዞ የማያውቅ ሰው ስሙ በወርቅ ይጻፍ?» አለችው ባሏን።

ባሏ ቢቂላ ነገር አያበዛም። «የከፈለው እሱ ነዋ» አለ። እራቱን ራሱ አሙቆ በላ።

አምና ዕድሩ ለሬሳ ሣጥን ማልበሻ የሚሆን ጥቁር ከፈይ ገዝቶ ጠላፊ ሲፈልግ፣ በላይነሽ ማንም ሳይጠይቃት እጇን አወጣች። «ድካሜ ለነፍሴ ይሁን» አለች። የዕድሩ ሰብሳቢ ጋሽ ዱጉማ፣ ከሹፌርነት በጡረታ የተገለሉ ሰው፣ ቆመው መረቋት። እንዲጠለፍ የተነገራት መስቀልና የዕድሩ ስም ነው። ሌላ ነገር አልተባለም።

ክረምቱን ሙሉ ሠራችው። ከፈይ ለጠላፊ ተንኮለኛ ጨርቅ ነው፤ ጸጉሩ ክሩን ይውጠዋል። ስለዚህ በመስቀሉ ቅርጽ ፌልት ቆርጣ ከሥር አደረገችና የወርቁን ክር በላዩ ጎን ለጎን አስተኛችው። መስቀሉ ከጨርቁ ብድግ ብሎ ቆመ። የዕድሩ ስም በግርጌው ሰፈረ፣ በመጠኑ። ከዚያም በጎኑ፣ ሣጥኑ ትከሻ ላይ ሲወጣ ለሕዝብ በሚታየው በኩል፣ «በላይነሽ ተስፋሚካኤል» ብላ ጠለፈች። ከዕድሩ ስም በእጥፍ ይበልጣል። ከፊቱ «የእጅ ሥራ» ብላ ልትጨምር አስባ ነበር፤ ክሩ አልበቃም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ነበረባት። መረጠች።

ማልበሻውን አጣጥፋ አስረከበች። ጋሽ ዱጉማ መስቀሉን ተሳለሙና ወደ ዕቃ ቤት አስገቡት። አልዘረጉትም።

መጀመሪያ የለበሱት ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸው፤ የባቡር ጡረተኛ። እህታቸው ከሞጆ ሲመጡ ረፍዶባቸው በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዱ። ግቢው ውስጥ ሁለት ሣጥን ቆሟል። አንዱ ላይ በወርቅ የሴት ስም ተጽፏል። እሳቸው የመጡት ለወንድማቸው ነው። ስለዚህ ወደ ሌላው ሮጡ፣ ሣጥኑ ላይ ተደፉ፣ «ጥለኸኝ የት ትሄዳለህ!» እያሉ ደረታቸውን መቱ።

ያኛው ሟች የቃሊቲ ነጋዴ ነበር። ሚስቱ ልቅሶዋን አቁማ ሴትዮዋ ማን እንደሆኑ ዘመዶቹን ጠየቀች። የሚያውቃቸው ጠፋ። ከዚያ በኋላ ልቅሶዋ ተለወጠ፤ ሟቹን በስሙ እየጠራች ትጠይቀው ጀመር። ነገሩ እስኪጣራ ጋሽ ገብረጻድቅ አፈር ለብሰዋል። እህታቸው መቃብሩ ዘንድ ሲደርሱ እንባው እምቢ አላቸው። እዚያኛው ጋ ጨርሰውታል።

እሑድ ዕድሩ ድንኳኑ ውስጥ ተሰበሰበ።

«በላይነሽ፣ ማን ነው የሞተው?» አሏት ጋሽ ዱጉማ።

«ጋሽ ገብረጻድቅ ናቸዋ።»

«ጨርቁ አንቺ ነሽ ይላል።»

ድንኳኑ ሳቀ። በላይነሽ አልሳቀችም።

«የሠራ ሰው ስሙን አይጽፍም እንዴ? እርስዎ ይነዱት የነበረው መኪና በር ላይ ስምዎ አልነበረም?»

«በሩ ላይ ነበረ። የገጨሁት ሰው ላይ ግን አልጻፍኩም።»

ዙፋን ተነሣች። ፋብሪካው ውስጥ ፊደል ካጣመሙት ልጆች አንዷ ናት፤ ከበላይነሽ ጋር ያን ጊዜ ተቀያይመው እስካሁን አልታረቁም።

«እኔስ ስሞት ልጆቼ ‹እናታችን በላይነሽ› እያሉ ያልቅሱልኝ?»

«አትስጊ፣ አንቺን የሚወስድ የለም» አለቻት በላይነሽ።

ተወሰነ። ስሙ ይተርተር። በላይነሽ እምቢ አለች። «ስሜን በገዛ እጄ አልፈታም» አለች፤ ሌላ ሰው ከነካው ደግሞ ከፈዩ እንደሚበላሽ አስጠነቀቀች። ሕይወቷን ሙሉ የሰው ስም የጠለፈች ሴት የራሷን አንዴ አግኝታ አትለቅም፤ ሬሳ ላይም ቢሆን።

«እንግዲያው ይሸፈን» አሉ ጋሽ ዱጉማ። «ማን ይሸፍናል?»

«እኔ» አለች ዙፋን።

ዙፋን አረንጓዴ ፌልት ቆርጣ፣ በጆንያ መርፌ፣ ነጭ ክር ሰክታ ስሙ ላይ ለጠፈችው። ስፌቱ አንዱ ረጅም አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ላይ አንዱ ወደ ታች ሆነ። ጥቁሩ ከፈይ የተቀደደ የታክሲ ወንበር መሰለ። ዙፋን በሥራዋ ረካች።

ቀጥለው የሞቱት ወይዘሮ ከውሲ ናቸው። ቀብሩ ላይ ሰው አረንጓዴውን ቁራጭ እያየ ተንሾካሾከ። አንዱ እንግዳ ጮክ ብሎ «ይሄን የመሰለ ነገር የሠራው ማን ነው?» አለ። ጋሽ ዱጉማ ቅን ሰው ናቸው፤ የመስቀሉን ጥልፍ የጠየቀ መሰላቸው። «በላይነሽ ናት፤ ያቻት!» ብለው በእጃቸው አሳዩ።

ስንት ዓመት የጓጓችለት ነገር ተፈጸመ፤ ሕዝብ መሐል በስሟ ተጠራች። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ «እኔ አይደለሁም» አለች።

በማግስቱ ከጋሽ ዱጉማ ቁልፉን ተቀብላ ማልበሻውን ቤቷ ወሰደች። መጀመሪያ የዙፋንን ፌልት ቦጭቃ ጣለች። ቀጥላ መርፌዋን ወርቁ ሥር አስገባችና ከመጨረሻው ፊደል ጀምራ የራሷን ስም መተርተር ያዘች።

ቢቂላ ቆሞ አያት። «በገዛ እጅሽ?»

«የዙፋን ስፌት በእኔ ሥራ ላይ ከሚያድር ስሜ ይጥፋ።»

ሰፈሩ ይህን ሲሰማ ትሕትና ነው አለ። ቄሱም አመሰገኗት ይባላል። ትሕትና አልነበረም። ከሁለት ውርደት አንዱ የገዛ እጇ ሥራ ስለሆነ እሱን መረጠች፣ በቃ። ከፈዩን በፈላ ውሃ እንፋሎት ላይ ይዛ ጸጉሩን በብሩሽ አነሣሣችው። ሙሉ በሙሉ አልተነሣም። ክረምቱን ሙሉ በክር የተጫነ ከፈይ የተጫነውን አይረሳም፤ እሷም ይህን ታውቃለች፤ ብሩሹንም ቶሎ አስቀመጠች።

ስትመልሰው ዙፋን ዕቃ ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻት። ጨርቁን ተቀብላ ወደ ደጅ አወጣችው፤ አዘነበለችው፤ ዓይኗን አጠበበች።

«ጋሽ ዱጉማ! ይነበባል እኮ!»

ጋሽ ዱጉማ ጎንበስ ብለው አዩ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። «ለእኔ ጥቁር ነው የሚታየኝ።»

«ፀሐይ ሲመታው ይዩት፤ ይኸው ‹በ›፣ ይኸው ‹ላ›!»

«እንግዲህ ጥላ ፈልጋችሁ ቅበሩ» አለች በላይነሽ። ጨርቁን ነጠቀቻትና አጣጠፈችው፤ የስሙን በኩል ወደ ውጭ አድርጋ።