ጨለማ ቤት የተማርነው ክፍልፋይ

ባለፈው ሰሞን መብራት ጠፍቶ ሱቄ ውስጥ የእጅ ባትሪ ፈልጌ አነሣሁ። አልበራም። ክዳኑን ስከፍተው የባትሪ ድንጋዩ ፈንድቶ ኖሮ ጥቁር ዱቄቱ እጄን ለቀለቀው። ዝገትና ከሰል የተቀላቀለበት የሚመስለው ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ የቆምኩበትን ሱቅም፣ ደጅ ላይ የሚጠብቀኝን ደንበኛም ረሳሁት።

እኛ ተማሪ እያለን ጥቁር ሰሌዳ የሚቀባው በዚህ ነበር። ዓርብ ዓርብ ከየቤታችን ያለቀ የባትሪ ድንጋይ እናመጣለን፤ እንቀጠቅጥና ዱቄቱን በቅጠል ጭማቂ ለውሰን ሰሌዳውን እናጠቁራለን። ሥራውን የሚመሩት የሒሳብ አስተማሪያችን ጋሼ ይመር ነበሩ። እጅጌያቸውን ጠቅልለው ከእኛ እኩል ይለቀለቃሉ። የማጀቴ ከተማ ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ ሲስቁ ትከሻቸው የሚንቀጠቀጥ። ተሳስቶ የመለሰን ልጅ አይመቱም፤ "አንተ ገበያ ብትላክ እናትህን ታከስራት ነበር" ብለው ክፍሉን በሙሉ ያስቁበታል። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ተስቆብኛል መሰላችሁ። ግን ማንም አይከፋም ነበር።

አምስተኛ ክፍል ሆነን ክፍልፋይን ልንጀምር ስንል ተወሰዱ። አንድ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ተናገሩ አሉ፤ ምን እንደተናገሩ ትልልቆቹ አልነገሩንም። እስር ቤቱ እዚህ የእኛው አገር አልነበረም፤ የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። በኋላ የሰማነው ለብቻቸው ጨለማ ቤት መቀመጣቸውን ነው። እኔ መብራት የሌለው ቤት መስሎኝ "ታዲያ ኩራዝ አይሰጧቸውም?" ብዬ እናቴን ጠየቅኳት። "ኩራዝ ምን ያደርግላቸዋል? ሰው ነው የሌለው" አለችኝ።

በእሳቸው ቦታ ከደብረ ሲና አንድ ወጣት ተላከልን። ሙቀታችንንም ወባችንንም አልቻለም፤ ወር ሳይሞላው ወደ ብርዱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ማለት ለእኛ ማንጎ ዛፍ ሥር መራገጥ ሆነ።

ስድስተኛ ክፍል ከገባን በኋላ ጋሼ ይመር ተመለሱ። ሸሚዛቸው የሌላ ሰው ይመስል ሰፍቷቸዋል። ፊታቸው ነጥቷል፤ ደጅ ሲወጡ ዓይናቸውን በእጃቸው ይከልላሉ። በር ክፍት ሆኖም ቢያገኙት አንድ ሰው "ይግቡ" እስኪላቸው ደፉ ላይ ይቆማሉ። ዳይሬክተራችን "እስኪ እናየዋለን" ብሎ ነው የተቀበላቸው። ማስተማር አልቻለም ከተባለ አለቀ፤ ሌላ የሚሄዱበት ሥራ አልነበረም። ሚስት የለ፣ መሬት የለ፣ ያቺ ክፍል ብቻ ነበረቻቸው። ይህን ከተማው ሁሉ ያወራው ስለነበር እኛም ልጆቹ እናውቅ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ጀርባቸውን ሰጥተውን፣ ለሰሌዳው የሚያንሾካሹኩ ያህል በቀስታ፣ "እንግዲህ ክፍልፋይን ጨርሰናል፤ ዛሬ ወደ መቶኛ እንገባለን" አሉ።

እርስ በርስ ተያየን። መቼ ጀምረን ነው የጨረስነው?

"ዘሃራ፣ ታህታቸው የተለያየውን እንዴት እንደምንደምር ያን ዕለት አንቺ ነሽ ጥሩ አድርገሽ የመለስሽው። ታስታውሻለሽ አይደል?"

ዘሃራ አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ከወንዙ ማዶ ሽንኩርት የሚያለሙ ሰውዬ ልጅ ናት። ስታስብ የሻርፗን ጫፍ ትነክሳለች። ክፍልፋይ የሚባል ነገር እንደኔው አይታ አታውቅም። ሻርፗን ከአፏ አወጣችና "አዎ ጋሼ" አለች። እሳቸውም ዞር ብለው ፈገግ ሲሉ ያ ፍንጭታቸው ታየ።

ለእረፍት ስንወጣ ያዝኳት። "ምን ነካሽ? መቼ ተማርን?"

"እዚያ ሆነው ሲያስተምሩን ነበራ" አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ቀስ ብሎ ነው። ጋሼ ይመር እዚያ ሰው የሌለበት ቤት ውስጥ ክፍላችንን ይዘው ነው የከረሙት። በየቀኑ አስተምረውናል፣ ጠይቀውናል፣ እኛም መልሰንላቸዋል። ተደብቄ አለቀስኩ። ዘሃራ ግን ማልቀስ የምትወድ ልጅ አልነበረችም። "እንዳልተማርን ከታወቀ ያባርሯቸዋል። በቃ እንማረው" አለች።

ተማርነው። ከትምህርት በኋላ ከአባቷ የሽንኩርት ማሳ ዳር ተቀምጠን፣ ታላቅ ወንድሟን እየለመንን፣ አፈር ላይ በእንጨት እየጻፍን። መላው ክፍል ነበር የሚመጣው፤ ኳስ ካልሆነ ምንም የማይታያቸው ወንዶች እንኳ። ጋሼ ይመር ሲጠይቁን ከምንሳሳተው የምናገኘው እየበዛ ሄደ። እሳቸውም ድምፃቸው ከፍ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ትከሻቸው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ አየሁና ዳኑልን ብዬ ነበር።

አልዳኑም። ቆርቆሮው በሙቀት ሲንጣጣ በነበረበት አንድ ቀትር ዳይሬክተሩ ሳያንኳኳ በሩን ከፈተው። ከጋሼ ይመር እጅ ቾኩ ወደቀ። ሽው ብለው ወደ ሰሌዳው ዞሩና ግንባራቸውን አስደግፈው፣ ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ቀጥ አሉ። አስተማሪ እንዲያ ሲቆም አይተን አናውቅም። ዳይሬክተሩም ደነገጠና ወደ እኛ ዞረ።

"ምን እየተማራችሁ ነው?"

"መቶኛ" አለች ዘሃራ። "ክፍልፋይን ጨርሰን።"

"ክፍልፋይን ማን አስተማራችሁ?"

"ጋሼ ይመር።"

"እንዴ፣ መቼ? እሱ መቼ ነበረና?"

ክፉ ሰው አልነበረም። ያልገባውን ነው የጠየቀው። ጋሼ ይመር ግን ሰሙት። ከሰሌዳው ቀስ ብለው ተላቀቁ፤ ቀለሙ ግንባራቸውን አጥቁሮታል። እያንዳንዳችንን፣ ዴስክ በዴስክ፣ አዩን።

"አልነበራችሁም?" አሉ። "ታዲያ ማን ነበር ሲመልስልኝ የነበረው?"

ዘሃራ ተነሣች።

"እኔ ነበርኩ፣ ጋሼ።"

ረጅም ጊዜ አዩዋት። አልተቆጡም፤ እንዲያውም ያዘኑላት ይመስሉ ነበር። "አይደለሽም የኔ ልጅ። ድምፅሽ እንዲህ አልነበረም" አሉ። ከዚያ ኮታቸውን ከወንበሩ አንሥተው ሊወጡ ሄዱ። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ዳይሬክተሩ "ውጣ ይመር፣ ክፍት ነው" እስኪላቸው ድረስ ደፉ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሁለተኛ ወደዚያ ክፍል አልተመለሱም፤ እህታቸው መጥተው ማጀቴ ወሰዷቸው።

ጋሼ ይመር ካረፉ ቆይተዋል። ሒሳቡ ለሱቄ ሆኖኛል፤ እግዜር ይስጣቸው። ከእሳቸው የቀረኝ ትልቁ ነገር ግን ሒሳብ ሳይሆን ያ የማጀቴ ቀን ነው። የዚያን ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ዘሃራና እኔ እናቴን አስፈቅደን፣ ፓፓያ በዘንቢል ይዘን፣ በአጣዬ አልፈን ልንጠይቃቸው ሄድን። እህታቸው ደጅ ላይ ተቀበሉን። "ሰው አያስገቡም። በሩን ራሳቸው ናቸው የሚዘጉት" አሉን እያፈሩ። ከጓሮ ያለች አንዲት የጭቃ ክፍል አሳዩን።

ጠጋ ስንል ድምፃቸው ይሰማል። እያስተማሩ ነው። ከመወሰዳቸው በፊት የነበረው ድምፃቸው ነው፤ ሞቅ ያለ፣ ከፍ ያለ፣ ሳቅ ሳቅ የሚለው። ስም ይጠራሉ፣ ዝም ብለው ይጠብቃሉ፣ "ጎሽ" ይላሉ፣ ሌላ ስም ይጠራሉ። የእኔንም ጠሩ። አፌን ከፍቼ መመለስ አቃተኝ።

"ግማሽና ሲሶ ሲደመር ስንት ይሆናል? ዘሃራ!"

ዘሃራ ዘንቢሉን አስቀመጠች። አፏን ወደ ጭቃው ግድግዳ አስጠጋች።

"አምስት ስድስተኛ፣ ጋሼ።"

ከውስጥ ጭጭ አለ። አጠፋን ብዬ ክንዷን ጨበጥኩ፤ እህታቸውም በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። ጋሼ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ጎበዝ። ተቀመጪ" አሉ።

ዘሃራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እዚያው ግድግዳው ሥር አፈሩ ላይ ተቀመጠች።