እሺ ያለ ይወጣል

ሀዋሳ መሃል ከተማ፣ ከአንድ ፎቶ ቤት በላይ ባለች ክፍል ኮምፒውተር አስተምር በነበረበት ጊዜ፣ ከቫይረስ ይልቅ ያስቸገረችኝ «እሺ» የምትባል ቃል ነበረች።

ያኔ ኢንተርኔት ከተማው ውስጥ ገና መለመዱ ነው። ሰው ኢሜይል ይከፍትና ፓስወርዱን ለጎረቤቱ ይነግራል። ለምን ሲሉት «ምን ይደብቃል?» ይላል። ፓስወርድ መከልከል እንግዳን ውሃ እንደ መከልከል ነበር የሚቆጠረው። አንድ ቀን ስለዚሁ ስለፈልፍ ውዬ ዞር ስል፣ ከፊት የተቀመጠው ተማሪ የራሱን ለጓደኛው ጮክ ብሎ ሲነግረው ሰማሁ። ወይ ጉድ! እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ፤ ጠመኔውን ወርውሬ ልወጣ ምንም አልቀረኝም።

ከተማሪዎቼ አንዷ የቢሮ ጸሐፊ ነበረች። ዝምተኛ፣ ሰው ማስቀየም የማይሆንላት ልጅ። እኔ ጋ ያመጣት በቢሮዋ የደረሰባት ነገር ነው። አንድ ድምፁ የትልቅ ሰው የሆነ ሰውዬ ደውሎ «ልጄ፣ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ የኃላፊሽን ኢሜይል ፓስወርድ ፈልገን ነበር» ይላታል። «እሺ ጌታዬ» ብላ ፊደል በፊደል ነገረችው። በማግስቱ በኃላፊዋ ስም ለየመሥሪያ ቤቱ የገንዘብ ልመና ተላከ። ኃላፊዋ «ሁለተኛ ከተደገመ ሌላ ሥራ ፈልጊ» አሏት። ታናናሽ እህቶቿን የምታስተምረው በዚያ ደመወዝ ነበር። ይህን ስትነግረኝ እንባዋ መጣ፤ እኔንም አንጀቴን በላችው።

«ማንነቱን ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት።

«ትልቅ ሰው እንዴት ‹ማን ነዎት› ይባላል?» አለችኝ።

አንድ ከሰዓት መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሮቹ ጸጥ ሲሉ ተማሪዎቹ ሊሄዱ ተነሱ። መብራት በጠፋ ቁጥር መበተን ሰልችቶኝ ስለነበር «ተቀመጡ፤ ሌባና ፖሊስ እንጫወታለን» አልኩ። ሁሉም አንድ የውሸት ፓስወርድ በልቡ ያዘ። እጣ የደረሰው ሌባ ይሆንና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ስልክ የደወለ ያህል አንዱን ያነጋግራል። ፓስወርዱን ካወጣጣው አሸነፈ። ጨዋታው ወዲያው ተበላሸ፤ የተጠየቀው ሁሉ ይሰጣላ! ልብ ብዬ ሳዳምጥ፣ ማንም ሳይሰጥ በፊት «እሺ» ይላል። ስለዚህ ሕግ አወጣሁ፤ እሺ ያለ ይወጣል።

ክፍሉ በሳቅ አበደ። ለካ እሺ ሳንል ስልክ መዝጋት እንኳ አንችልም! «እሺ፣ እሺ፣ በቃ እሺ፣ ቻው» ነው ልማዳችን። የሌባ ቁንጮ የሆኑት ሁላችንም ሐጂ የምንላቸው የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ። እጣው ሲደርሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የእኔ ልጅ፣ መነጽሬን ረስቼ ተቸገርኩ፤ እስቲ እርጂኝ» ይላሉ። ጸሐፊዋ «እሺ ሐጂ» ትላለች። «ወጣሽ!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ሐጂም «አንቺንማ መዝረፍ ግፍ ነው» እያሉ ይስቃሉ።

ከዚያ በኋላ መብራት ባይጠፋም ጨዋታውን ይጠይቁኝ ጀመር። እሷ ግን ሁልጊዜ መጀመሪያ ወጪ ነች። አንድ ቀን ብው አልኩና «አይሆንም ለማለት አፍሽ አይችልም እንዴ?» ብዬ ጮኽኩባት።

«አፌ ይችላል፤ ፊቴ ነው የማይችለው» አለች።

ሐጂ እንደገና ሲለማመጧት ትንፋሿን ሳብ አደረገችና «አይሆንም ሐጂ፤ ይባረኩ» አለች። ክፍሉ አጨበጨበ። ቸርች የምታዘወትር ልጅ ነች፤ በእሺ ቦታ የሚቀመጥ ቃል አገኘች። እምቢታው ባዶውን አልወጣ ብሏት እንጂ ምርቃት ሲጨመርበት ይወጣል።

ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ኃላፊዋ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል፣ ከስብሰባ ላይ፣ በማታውቀው ቁጥር ደውለውላት ኖሯል። አዲሱ ፓስወርድ ጠፍቶባቸው እንግዶች ፊት ቆመዋል።

«አይሆንም፤ በራስዎ ስልክ ይደውሉ፤ ይባረኩ» ብላ ዘጋችባቸው። የራሳቸው ስልክ ለካ ባትሪ ጨርሷል።

«ድምፃቸውን ለይቼው ነበር» አለችኝ። «ግን የዚያኛውም ሰውዬ ድምፅ እውነት ነበር የሚመስለው። በቃ፣ አበቃልኝ።»

ይህን እያለችኝ ከታች ባጃጅ ቆመ፤ ብዙም ሳይቆይ ኃላፊዋ ደረጃው እያስለከለካቸው ገቡ። ልጅቷ ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ይችን ልጅ ምን ብለው ነው የሚያስተምሯት?» አሉኝ።

ቁጣዬ መጣ። «እርስዎ ያዘዟትን ነዋ! ሁለተኛ እንዳይደገም አላሏትም?»

ሐጂ ወንበር ሳቡላቸውና «አረፍ ይበሉ፤ እኔ ስንት ጊዜ ስዘርፋት ኖሬ አሁን አቅቶኛል» አሏቸው። ሰውዬው ሳይፈልጉ ሳቅ አመለጣቸው። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «እንግዶቹ ፊት አፍሬያለሁ» አሉ፣ ቀስ ብለው። «ግን ልክ ነሽ። ሥራሽን በደንብ ያዥ።»

«እንግዲያውስ ከዛሬ ጀምሮ በስልክ አይጠይቋት» አልኳቸው።

«እሺ» አሉ።

ሐጂ አፋቸውን በእጃቸው ከደኑ። ሁላችንም ወደ እሷ አየን። ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ልታለቅስ መስሎኝ ነበር።

«ጌታዬ» አለች፣ እንደቆመች፤ «ወጡ።»