ቅጠል በጣሹ አማች

አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ቅጠሉ ሁለቱም ደርሶበታል። «ቅጠሉ» የሰፈር ስሙ ነው፤ ሙዚየሙ ምድር ቤት ቁጭ ብሎ ድንጋይ ውስጥ የቀሩ የጥንት ደን ቅጠሎችን ሲለይ ጸጉሩን የጨረሰ፣ ዕድሜህ ስንት ነው ሲሉት የድንጋዩን የሚናገር ሰው። ያን ሰሞን ግን፣ ዘመዶቹ ሁሉ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ፣ ሊያገባ ነበር። ሙሽሪት መታጠፊያው ላይ ባለው መድኃኒት ቤት የምትሠራ ፋርማሲስት ናት። ድንጋይ ሲፈልጥ ጣቱን በመዶሻ መትቶ ፋሻ ሊገዛ ገባ፤ ጣቱ ከዳነ በኋላም ፋሻ መግዛቱን አልተወም፤ እንዲህ እንዲህ እያሉ ተግባቡ።

እንቅፋት የሆኑት የሙሽሪት እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህች አንዲት ልጃቸው ጋር ብቻ የሚኖሩ ሴት ናቸው፤ ስለ ሰውየው ሲያጠያይቁ የቤት አከራዩን አገኙት። አከራዩም በሙሉ ልቡ፣ እንዲህ ያለ ጨዋ የለም፣ ሥራው ቅጠል መለየት ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ መቆፈሪያ ይዞ ገደል ለገደል ይዞራል ብሎ መሰከረለት። ምን ያድርግ፣ እሱ ያመሰገነ መስሎታል። ቅጠል የሚለይና መሬት የሚቆፍር ሰው ግን በአማርኛ ስሙ አንድ ነው፤ ስር ማሽ ቅጠል በጣሽ! እናትየዋ ደረታቸውን ያዙ። አስተምሬ መድኃኒት ቤት ያስገባሁሽ ደብተራ ልታገቢብኝ ነው ወይ አሉ። ልጅቷ፣ ኧረ እማዬ ድንጋይ ነው የሚያየው ብትላቸው፣ ጭራሽ ድንጋይም ያናግራል በይኛ ብለው አረፉት። በገዛ ዓይኔ ሳላይ እሺ አልልም አሉ። እሳቸው እሺ ሳይሉ ደግሞ ልጅቷ ንቅንቅ እንደማትል ቅጠሉ አሳምሮ ያውቃል።

እናትየዋ ከዘራቸውን እያንኳኩ ወደ ምድር ቤቱ የወረዱ ቀን፣ ልጅቷ ተረኛ ስለነበረች አብራቸው አልመጣችም። ቀድማ የመከረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አደራህን፣ ብዙ አታውራ።

ወንበር ሳበላቸው። እሳቸው መሳቢያውን ሁሉ በዓይናቸው በረበሩት። ጠርሙስ የለ፣ የተወቀጠ ነገር የለ፣ ድንጋይ ብቻ ነው። ከዚያ በሩን ገልመጥ አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለጉልበት የሚሆን አታጣም መቼም አሉት። ጉድ እኮ ነው! ያን ሁሉ ጊዜ ሲያወግዙት የከረሙት ሴትዮ! አንድ ቅባት ነገር ቢያቀብላቸው ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ቅጠሉ ግን ያልሆነውን ነው ማለት አይሆንለትም።

«እማማ፣ እኔ ጋ ያለው ቅጠል እንኳን ጉልበት ሊያድን ራሱንም አላዳነ» አላቸው።

እናትየዋ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። ታዲያ ምኑን ነው የምትለየው ብለው ጠየቁት። በዚህች ጥያቄ ቅጠሉ ምክሩን ሁሉ ረሳ። አጉሊ መነጽር አስያዛቸውና መብራቱን ወደ ጎን አዘንብሎ ሁለት ድንጋይ አቀረበ። ሁለቱም ላይ እንደ መዳፍ ጣት ጣት ያወጣ ቅጠል ታትሟል። ይኸኛው ሜፕል የሚሉት የፈረንጅ ዛፍ ነው፣ ትልልቆቹ ጅማቶቹ ከአንድ ነጥብ ይነሳሉ፤ ያኛው ኤርሞን የሚባለው ዛፍ ነው፣ የጎንዮሾቹ ከፍ ብለው ነው የሚነሱት አለ። ሲጠራጠር ግን የሚያየው የቅጠሉን እግር፣ ማለት ከዛፉ የሚያያዝበትን ዘንግ እንደሆነ ነገራቸው። የኤርሞን ቅጠል እግሩ ያበጠ፣ ውስጡ ባዶ ነው፤ የሚቀጥለውን እንቡጥ እንደ ቆብ ሸፍኖ ያሳድገዋል።

ጎበዝ፣ እናት ማለት እንዲህ ናት አሉ እናትየዋ፣ ደስ ብሏቸው።

እዚህ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት!

«ችግሩ ምን መሰለዎት፣ አሮጌው ቅጠል ካልወደቀ እንቡጡ ብርሃን አያይም።»

እናትየዋ አጉሊ መነጽሩን አስቀመጡ። «ውደቂልኝ ነው የምትለኝ?»

ቅጠሉን ላብ አጠመቀው። ኧረ ስለ ዛፉ ነው አለ። ማንም አይገፋውም፣ ትንሽ ነፋስ ይበቃዋል ሲል ደግሞ ጭራሽ አባሰው። እናትየዋ ከዘራቸውን ይዘው ብድግ ሊሉ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለና ተመልሰው ዘፍ አሉ። አለቀልኝ አለ ቅጠሉ በሆዱ፤ ልጅቷን ምን እንደሚላት ማሰብ ጀምሮ ነበር።

መነሳት ያቃተው ሰው ምን ያደርጋል፤ እናትየዋ መነጽሩን መልሰው አነሱና የኤርሞኑን ድንጋይ ያዩ ጀመር። ይቺ ጉድጓድ ናት ቆቡ አሉ። አዎ አላቸው። እንቡጡስ? ዛፉ ላይ ቀረ፤ ቅጠሉ ባዶውን እንዳቀፈ ነው ድንጋይ የሆነው አላቸው፣ ቀስ ብሎ።

«እኔስ የፈራሁት ምን ሆነና» አሉ እናትየዋ፣ ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ። «ቅጠል መበጠስህ መሰለህ?»

ቅጠሉ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ማብራራቱን ተወ።

«ቤቴ አንድ ትርፍ ክፍል አለ፣ እማማ። ድንጋይ ሞልቼበት ነው እንጂ። አወጣዋለሁ።»

«ሁሉንም?»

ቅጠሉ ድንጋዮቹን በሐሳቡ ቆጠረ። «ሁሉንም።»

አወጣውም። ዛሬ ድንጋዩ በረንዳውን ሞልቶት ሰው በጎን ነው የሚያልፈው። አማትየዋ ክፍሉ ውስጥ ናቸው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው አማቼ ስር ማሽ ቅጠል በጣሽ ነው እያሉ ይኮራሉ፤ ልጃቸው ከመድኃኒት ቤት የምታመጣላቸውን የጉልበት ቅባትም እሱ ካልቀባቸው አይሠራም ይላሉ። ጠዋት ጠዋት ቅጠሉ ድንጋዮቹን እየዘለለ ሲወጣ በመስኮት ብቅ ይላሉ።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም አልወደቅኩም!»

«ይቆዩልን፣ እማማ» ይላቸዋል፤ ከልቡ ነው።