በጀልባዋ ጎን የሚወጣው ውሃ

ዋና አልችልም። ጀልባ እየጠገንኩ ዋና አለመቻሌን የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል፤ ይሳቅ። እናትና አባቴ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ እንዲያርሱ ተብለው እንጂ አሳ እንዲሆኑ አልነበረም። እኔም አሶሳ፣ የጭነት መኪና ጋራዥ ውስጥ ያደግኩ መካኒክ ነኝ። ሥራ ወደ ውሃ የጎተተኝ ግድቡ ሞልቶ ሸለቆው ሐይቅ ከሆነ በኋላ ነው፤ ያውም እየፈራሁ።

ጀልባዋ የአንድ ነጋዴ ናት። ቱሪስት ይጎርፋል ብሎ ከውጭ አገር ያስመጣት የእሽቅድምድም ጀልባ ስትሆን፣ ቱሪስቱ እስኪመጣ ሰው ታሻግራለች። ሞተሯ ሱፐርቻርጀር አለው፤ አየር እየጠቀጠቀ ያጎርሰዋል። የታመቀ አየር ደግሞ ይግላል፤ የጋለ አየር የጎረሰ ሞተር ፒስተኑን አቅልጦ ያርፈዋል። ስለዚህ አየሩ መጀመሪያ ኢንተርኩለር በሚባል ሳጥን ውስጥ አልፎ ይቀዘቅዛል። መኪና ላይ ይህን የሚሠራው ነፋስ ነው። ጀልባ ላይ ግን የሐይቁ ውሃ ነው፤ ከሆዷ ሥር ይገባል፣ በቱቦ ኢንተርኩለሩን ያልፍና በጎኗ ባለው ቀዳዳ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ይፈሳል።

ከእኔ በፊት የነካካት ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረውና ገና አልሞተም፣ የኢንተርኩለሩን ቱቦ ከሞተሩ በሚወጣው ሙቅ ውሃ ላይ ቀጥሎት ነበር። ማቀዝቀዣን በሙቅ ውሃ! ፈታሁትና ለብቻው ቀዝቃዛ መስመር ዘረጋሁለት። ለሙከራ ስንወጣ ውሃው በጎኗ ሲንዶለዶል አይቼ «ተቀደደች!» ብዬ የጮህኩት ግን እኔው ራሴ ነኝ። ነጂው ሆዱን ይዞ ሳቀ። የመንጌ ሰው፣ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበ ነው ያደገው። «ውሃ ከወጣ ደህና ነው» አለኝ። «ውሃ ከቆመ ሞተር ሞተ፣ ወላሂ።»

በእኛ ጋራዥ አንድ ሕግ አለ፤ የፈታ ይሳፈራል። የሠራኸው መኪና ለሙከራ ሲወጣ አብረህ ትወጣለህ፤ ፍሬኑ እምቢ ካለም አብረህ ገደል ትገባለህ። ይህን ለነጂው በወሬ በወሬ ነገርኩት፤ ምላሴን በቆረጠው። ወደደውና ያለ እኔ አልንቀሳቀስም አለ። ከዚያ በኋላ ጀልባዋ በወጣች ቁጥር ከሞተሩ ጎን እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን ጠዋት ከማዶ ተደወለ። እዚያ ያገባችው ታናሽ እህቴ ምጥ ጠንቶባታል፤ ልጁ አልወለድ ብሎ ደም እየፈሰሳት ነው። የድሮው መንገድ ውሃ ውስጥ ነው፤ በመኪና ዞሮ መምጣት ቀን ሙሉ ይፈጃል። አምቡላንሱ በእኛ በኩል ዳር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ አደረግንና ከነጂው ጋር በረርን።

በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት። ፊቷ አመድ መስሏል። ስጠራት ዓይኗን ገለጥ አድርጋ ከደነችው እንጂ መልስ አልሰጠችኝም። ለምጡ ብላ ቀደም ሲል በመኪና ዞራ ወደዚያ የሄደችው እናቴ አጠገቧ ተቀመጠች። እናቴ ጀልባ ላይ ስትሳፈር የመጀመሪያዋ ነበር። «ማርያም ትድረስልሽ፣ ማርያም ትድረስልሽ» ትላለች፤ ሌላ ቃል የላትም።

ነጂው ጋዙን ረገጠው። ሐይቁ መሃል ከነቅርንጫፋቸው የደረቁ ዛፎች ቆመዋል፤ በመሃላቸው እየተጠማዘዘ ያበረናል። እኔ አንድ ዓይኔን እህቴ ላይ፣ አንዱን የሞተሩ ጌጅ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ። በድንገት ከሞተሩ ክዳን ሥር ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው እግሬ ራሰ።

ክዳኑን ሳነሳ ውሃው ፊቴን መታኝ። ያ የዘረጋሁት ቱቦ ከኢንተርኩለሩ ወልቆ ሐይቁን ወደ ጀልባዋ እየገለበጠው ነው። «አቁም!» አልኩት። እጄን ወደ ታች ሰድጄ የውሃ መግቢያውን መዝጊያ በዳበሳ አገኘሁና ጠመዘዝኩት። ውሃው ቆመ፤ እኛም መሃል ሐይቅ ላይ ቆምን። ዳሩ አይታይም። እንዲህ ፈርቼ አላውቅም።

ቱቦው አዲስ ነው፤ አልተቀደደም። ታዲያ ምን ነቀለው? አንገቴን ወደ ውጭ አስግጌ የመውጫ ቀዳዳውን አየሁ። ነጠላ ተወትፎበታል፤ ቱቦውን የነቀለው መውጫ ያጣው ውሃ ነው።

«እኔ ነኝ» አለች እናቴ። «ጎኗ ተቀዶ ውሃ ሲንዶለዶል አየሁና ልንሰምጥ ነው ብዬ ወተፍኩት። ምነው፣ አላበጀሁም?»

ምን ልበላት? ለልጇ ነፍስ ብላ ነው። «አብሽሪ፣ እማ» ብዬ ነጠላውን መዥርጬ አወጣሁ።

የቱቦው ማሰሪያ ውሃው ውስጥ ጠፍቷል። ነጂው ቀስ ብለን እንሂድ አለኝ፤ ያለ ኢንተርኩለር በዝግታ መሄድ ይቻላል፣ ልክ ነው። ቃሬዛው ሥር ያለውን ደም ሳይ ግን ዝግታ ማለት መቅበር መሰለኝ። ቱቦውን መለስኩትና ከኪሴ በማላጣው ሽቦ ጠምዝዤ አሰርኩት። ሽቦ ብቻውን እንደማይችል አውቃለሁ። ስለዚህ የውሃ መግቢያውን መልሼ ከፈትኩና ሆዴ ላይ ተኝቼ መጋጠሚያውን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። «ንዳ» አልኩት።

ውሃው ከመዳፌ ሥር ሊፈነቅለኝ ይታገላል፤ የሞተሩ ግለት ክንዴን ይለበልበኛል። ምንም አይታየኝም። እህቴ በሕይወት ትኑር ትሙት አላውቅም፤ ጠይቄ መልሱን መስማት ፈራሁ። እናቴም ጸሎቷን አቁማለች፤ ያ ደግሞ ከሁሉ ባሰብኝ። ነጂው «ደረስን፣ መካኒክ» ሲለኝ ጣቶቼ አልዘረጋ ብለውኝ እሱ ነው አንድ በአንድ ያላቀቀልኝ።

አሶሳ ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ወለደች። ወንድ ነው። ዶክተሩ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ተወው። እኛ ማርያም ማረቻት ብለን እልል ስንል እናቴ አላለችም። ከአልጋው ሥር ተቀምጣ እህል አልቀምስ፣ ጎኔን አላሳርፍ አለች።

በማግስቱ እጄን ያዘችኝ። «እውነቱን ንገረኝ። ያ ነጠላ ነው አይደል? ልጄን በገዛ እጄ ልገድላት ነበር።»

«ኧረ እማ፣ ቱቦው አርጅቶ ነው።»

«አዲስ ዘረጋሁ ብለህ ስትኮራበት የከረምከው ቱቦ?»

ይሄኔ እህቴ ከትራሱ ላይ ቀና አለች። ሕፃኑ ደረቷ ላይ ተኝቷል።

«እማ፣ ረሳሽው እንዴ?» አለች። «ውተፊው ያልኩሽ እኮ እኔ ነኝ። ውሃው ሲያስፈራኝ ጊዜ ልብስሽን ይዤ ነገርኩሽ።»

እናቴ አፍጥጣ አየቻት። «አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኛ።»

«ወይ አንቺ፤ ሆድሽ እንዲያ ሆኖም ማዘዝ አትተዪም» አለቻት። ከዚያ ራሷን አልጋው ጠርዝ ላይ አስደገፈችና እዚያው እንቅልፍ ወሰዳት።

እህቴ ከማዶ ስንጭናት ጀምሮ አንድ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፤ እኔም እናቴ እንዳትነቃ በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁት።