ለፊልሙ ያለቀሰችው ጎረቤቴ

ለንግድ ብለን ከስልጤ ጂንካ ስንገባ ታናሽ ወንድሜ ጎልማሳ ነበር። አይናገርም፤ ጩኸት ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፤ የተዘበራረቀ ነገር ካየ ሳያስተካክል አያልፍም። ኦቲዝም እንደሚባል ያወቅነው በኋላ ነው። ያኔ ሰፈሩ «ጂኒ ያለበት መጤ እስላም» ይለው ነበር።

ጎረቤቴ ልጇን ስትድር ለእኛ ለሙስሊሞቹ ለብቻ አሳረደች። ወጉ ነው፤ እሱን አልክድም። ወንድሜ ግን የክርስቲያኖቹ ወጥ ካለበት ዳስ ገብቶ የተንጋደዱ የድስት ክዳኖችን አስተካከለ። ጠብታ አልቀመሰም። እሷ «እስላም ነካው» ብላ ወጡን በሰው ፊት አስደፋች፤ እሱንም ገፍትራ አስወጣችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ባለበት አይበላም።

ባለፈው ቅዳሜ ቴሌቪዥኗ ተበላሽቶባት እኔ ቤት መጣች። ፊልሙ በሰው አገር ስለሚኖር ሙስሊም ነበር፤ እንደ ወንድሜ ኦቲዝም ያለበት። ፖሊሶቹ አሸባሪ ነው ብለው ሲያዳፉት ጆሮውን ያዘ። እሷ በነጠላዋ እንባዋን ጠረገች።

«አይ ምስኪን፤ ምን አደረጋቸው?» አለች።

«የእኔስ ምን አድርጎሽ ነበር?» አልኳት።

«ያንቺማ ሌላ ነው፣ እቴ።»

ይህን ጊዜ ወንድሜ ከጓዳ ወጥቶ በር ላይ ያወለቀችውን ጫማ ጎን ለጎን ማስተካከል ጀመረ። ዓይኗን ከፊልሙ ሳትነቅል፣ «ጫማዬን እንዳይነካብኝ በይው» አለችኝ።

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት። መጨረሻውን ሳታይ፣ ወንድሜ ያስተካከለላትን ጫማ አጥልቃ ሄደች።